ወጣቶችን ወደ ዘላቂና በቴክኖሎጂ የታገዘ እርሻ ማስገባት፦ ከመሬት ውል እስከ ሦስተኛው የምርት ወቅት

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለወጣቶቹ ሳይሆን ከጎናቸው ለሚቆመው ሰው ነው፤ ማሳውን ለማካፈል ለተዘጋጀ አንጋፋ አርሶ አደር፣ ለግብርና ባለሙያ፣ ለመምህር ወይም ለኅብረት ሥራ ማኅበር አመራር። ከአምስት እስከ ሰባት ወጣቶች በ200 ካሬ ሜትር መሬት ላይ በጠብታ መስኖ አትክልት ማምረት ሲጀምሩ ምን ከምን መቅደም እንዳለበት በቅደም ተከተል ያሳያል። መሬቱ ከዚህ ቢሰፋም ስሌቱ ያው ነው፤ ስህተት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አብሮ ስለሚሰፋ በትንሹ መጀመር ይሻላል።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የዕቃው ነገር ነው፦ ድሮን፣ ሴንሰር፣ የስልክ መተግበሪያ። እኔም ከአንድ የወጣቶች ቡድን ጋር ስሠራ ይህንኑ ስህተት ፈጽሜአለሁ። የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሴንሰሮች ገዝተን ማሳው ላይ ተከልን፤ ቁጥሩም በየሰዓቱ ስልካችን ላይ ይደርሰን ነበር። ይሁን እንጂ የውሃ ምንጩ በደረቁ ወር ምን ያህል እንደሚሰጥ ማናችንም ስላልለካን፣ ሴንሰሩ አፈሩ መድረቁን ሲነግረን የምናጠጣው ውሃ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፤ መሬትና ውሃ ይቀድማሉ፣ ገዢ ይከተላል፣ ከዚያ የአፈርና የመስኖ ሥራ ይመጣል፤ መሣሪያ የሚገዛው ሥራው ራሱ ጥያቄ ሲያነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ መሬቱን በጽሑፍ ያስረክቡ

ወጣቶች ከእርሻ የሚርቁት ሥራው ስለሚከብዳቸው ብቻ አይደለም፤ የሚደክሙበት መሬት ነገ የማን እንደሚሆን ስለማያውቁም ነው። ውሉ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይሁን፤ ምክንያቱም ኮምፖስት በአፈር ላይ የሚያመጣው ለውጥ በአንድ ወቅት ተጠናቆ የሚታይ አይደለም፤ የሚነጠቅ መሬትን ደግሞ ማንም አይንከባከብም። በውሉ ውስጥ የመሬቱ ስፋትና ወሰን፣ የውሃ አጠቃቀም ተራው፣ ቋሚ ንብረቶቹ ውሉ ሲያበቃ የማን እንደሚሆኑ እና ከቡድኑ የሚወጣ ሰው ድርሻውን እንዴት እንደሚወስድ በግልጽ ይስፈር። የሴቶቹ አባላት ስም በውሉ ላይ እንደ ወንዶቹ በራሳቸው ስም መጻፉን ያረጋግጡ፤ «በወንድሟ በኩል» የሚል አሠራር ምርቱ ሲሸጥ ጠብ ያመጣል።

መሬቱን ሙሉ በሙሉ የጋራ ከማድረግ ይልቅ ውሃውንና ሽያጩን የጋራ፣ መደቡን ግን የየግል ማድረግ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እያንዳንዱ ወጣት የራሱ መደብ ሲኖረው የማን ሥራ እንደላላ ያለ ክርክር ይታያል፤ የጎረቤቱን መደብ እያየ የሚማረውም ከሥልጠናው ያላነሰ ነው።

ደረጃ 2፦ ውሃውን በደረቁ ወር ይለኩ

መለኪያው ባልዲና ሰዓት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በሰዓት ደግሞ 1,800 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። ልኬቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። ይህን የሚያደርጉት ዝናብ በራቀበት፣ ውሃ እጅግ በሚያንስበት ወር መሆን አለበት፤ በዝናብ ማግስት የተለካ ምንጭ ማንንም ያታልላል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ ወደ ውስጥ በመልቀቅ የውሃው ወለል ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ይመዝግቡ፤ ይህ ልኬት በየወሩ ይቀጥላል፤ ምክንያቱን ወደ ፓምፑ ስንደርስ እናየዋለን።

ደረጃ 3፦ ከመዝራት በፊት ገዢ ያነጋግሩ

ወጣቶቹ ራሳቸው ሄደው ቢያንስ ከሦስት ገዢዎች ጋር ይነጋገሩ፤ እርስዎ ወክለዋቸው አይሂዱ። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፦ በሳምንት ስንት ኪሎ ትወስዳላችሁ፣ የትኛው መጠንና ብስለት ይመረጣል፣ ክፍያው መቼ ነው፣ በየትኛው ወር ነው እጥረት የሚያጋጥማችሁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ የመትከያው ቀን የሚቆጠረው ከእጥረቱ ወር ወደ ኋላ ነውና። ቲማቲም ችግኙ ከተዛወረ ከ60 እስከ 80 ቀን ባለው ጊዜ መለቀም ይጀምራል። እስከዚያ ባዶ እጅ መቆየት ብዙ ወጣቶችን ተስፋ አስቆርጦ ስለሚያስወጣ፣ ከመሬቱ የተወሰነውን ከ30 እስከ 45 ቀን ውስጥ ለሚደርስ ቅጠላ ቅጠል ይመድቡ። ቅጠላ ቅጠሉ በየሁለት ሳምንቱ በከፊል በከፊል ይዘራ እንጂ በአንድ ቀን ተዘርቶ በአንድ ቀን አይድረስ።

ደረጃ 4፦ አፈሩን ይወቁ፣ ይመግቡ

የአፈር ናሙና ለላቦራቶሪ ሲወሰድ ማሳውን በዚግዛግ እየሄዱ ከ10 እስከ 15 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈራል። ሁሉም በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ይደባለቅና በጥላ ደርቆ ግማሽ ኪሎ ያህሉ ይላካል። የቆርቆሮ ባልዲ አይጠቀሙ፤ የቆርቆሮው ሽፋን ዚንክ ስለሆነ የምርመራውን ውጤት ያዛባል። የአሲዳማነት መለኪያው (ፒኤች) ከ6 እስከ 7 ባለው ክልል ከሆነ ለአብዛኞቹ አትክልቶች ይስማማል፤ ከ5.5 በታች ከወረደ ግን ኖራ ሳይጨመርበት በማዳበሪያ ብቻ ምርት ለማሳደግ መሞከር ገንዘብ መበተን ነው፤ በአሲዳማ አፈር ፎስፈረስ ይታሰርና ሥሩ ሊያገኘው አይችልም።

ላቦራቶሪ ቢርቅ እንኳ የአፈሩን ዓይነት በጠርሙስ ማወቅ ይቻላል። የጠርሙሱን ሲሶ አፈር፣ ቀሪውን ውሃ ይሞሉና በኃይል ነቅንቀው ያስቀምጡታል። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል፣ ደለሉ ጥቂት ሰዓታት ይወስዳል፣ ሸክላው ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። የሦስቱ ንጣፎች ውፍረት በማስመሪያ ሲለካ አሸዋ የበዛበት አፈር ውሃ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ እንደሚፈልግ፣ ሸክላ የበዛበት ደግሞ አልፎ አልፎ በዝግታ መጠጣት እንዳለበት ወጣቶቹ በዓይናቸው አይተው ይረዳሉ።

ኮምፖስቱ ቁመቱም ወርዱም ከአንድ ሜትር ያላነሰ ክምር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይዝም። ደረቅ ነገር (ጭድ፣ ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል) ከእርጥብ ነገር (አረም፣ የወጥ ቤት ተረፈ ምርት፣ ፍግ) ጋር የሚደባለቀው ካርቦኑ ለናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ እንዲሆን ነው። ይህን በሚዛን የሚለካ ስለሌለ አፍንጫና እጅ ይበቃሉ። ክምሩ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ካመጣ ደረቅ ይጨመርበታል፤ እፍኝ ሙሉ ወስደው ሲጨምቁት ውሃ በጣት መሃል ከፈሰሰ ርሷል፣ ጭራሽ ካልተጣበቀ ደግሞ ደርቋል። ሙቀቱ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ እየተገላበጠ ለሁለት ሳምንት ከቆየ የአረም ዘርና አብዛኞቹ የበሽታ ተህዋስያን ይሞታሉ። ለማረጋገጥ ረጅም ብረት ክምሩ ውስጥ ይሰኩና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይሳቡት፤ በመዳፍ ለመያዝ የሚያስቸግር ትኩስ ከሆነ ሥራው በደንብ ይዟል። መደቡ ላይ ደግሞ ጉዝጓዝ ያንጥፉ፤ ቲማቲም በነበረበት መደብ ላይ በቀጣዩ ወቅት ድንችም ሆነ ቃሪያ አይመለስ፤ ሦስቱ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ በሽታቸውም የጋራ ነው፤ ይልቁንም ጥራጥሬ ይተካ።

ደረጃ 5፦ የጠብታ መስኖውን አስልተው ይዘርጉ

ከቴክኖሎጂዎቹ ሁሉ ወጣቶች ጠለቅ ብለው ሊያውቁት የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

ስሌቱ የሚጀምረው ከአፈርና ከቅጠል በትነት ከሚወጣው ውሃ ነው። በአቅራቢያ ያለ የአየር ትንበያ ጣቢያ የመነሻ ትነቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ነው ካለ፣ ቁጥሩ በሰብሉ ዕድገት ልክ ይባዛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሰንጠረዥ መሠረት የቲማቲም ማባዣ በመጀመሪያው ደረጃ 0.6፣ አበባና ፍሬ በሚበዛበት ደግሞ 1.15 ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ 1 ሊትር መሆኑን ከያዝን፣ 200 ካሬ ሜትሩ ሙሉ ዕድገት ላይ ሲደርስ በቀን 5 በ1.15 በ200፣ ማለትም 1,150 ሊትር ይጠጣል። ከመስመሩ የሚባክነውን 10 በመቶ ስናስብ 1,280 ሊትር ገደማ ይሆናል። ችግኙ ገና ሲዛወር ግን በዚሁ ስሌት የሚበቃው 670 ሊትር ያህል ነው። ሰኔም ጥርም፣ ችግኝም ጎልማሳ ተክልም እኩል የሚጠጡበት ማሳ የሚያባክነው ውሃ ከዚህ ልዩነት የሚመጣ ነው።

የጠብታ ቱቦዎቹ በ1 ሜትር ርቀት ቢዘረጉ 200 ሜትር ቱቦ ያስፈልጋል፤ የማንጠባጠቢያ ቀዳዳዎቹ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ከሆኑ ቁጥራቸው ወደ 670 ይጠጋል። እያንዳንዱ በሰዓት 1 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ 1,280 ሊትሩ በ1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይዳረሳል፤ ባልዲው የነገረን 1,800 ሊትር በሰዓትም ከበቂ በላይ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በቱቦው ጥቅል ላይ የተጻፈው «በሰዓት 1 ሊትር» የሚሠራው የ1 ባር፣ ማለትም የ10 ሜትር ከፍታ ያህል ግፊት ሲኖር ነው። ታንከሩ የተቀመጠው 2 ሜትር ቆጥ ላይ ከሆነ ግፊቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው፤ ተራው ቀዳዳ የሚሰጠውም የተጻፈውን 45 በመቶ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ያው ውሃ ለመዳረስ ከ4 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን ያላወቀ ወጣት ሁለት ሰዓት አጠጥቶ ይዘጋና ተክሉ ለምን እንደጠወለገ ግራ ይገባዋል፤ ከዚያም ጥፋቱን በዘሩ ላይ ያላክካል።

ስለዚህ በተዘረጋ ማግስት የኩባያ ፈተና ይደረግ። በማሳው ላይ ተበታትነው ከ16 ቀዳዳዎች ሥር ትንንሽ ኩባያዎች ይቀመጣሉ፤ ልክ ለ6 ደቂቃ ውሃው ይለቀቃል፤ የተጠራቀመው በመርፌ ሲሪንጅ ይለካል። በ10 ሲባዛ የአንድ ሰዓቱን መጠን ይሰጣል። ቀጥሎ እጅግ ያነሱት አራቱ አማካይ ለአጠቃላዩ አማካይ ይካፈላል። አጠቃላዩ 44 ሚሊ ሊትር፣ የአራቱ ደግሞ 33 ሚሊ ሊትር ቢሆን እኩልነቱ 75 በመቶ ነው። ከ90 በላይ ሲሆን እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ከ80 በታች ከወረደ ግን ወይ ማጣሪያው ቆሽሿል፣ ወይ ቱቦው ረዝሟል፣ ወይ መሬቱ ዘቅዝቋል። ይህ ፈተና በየወሩ ይደገም።

የ130 ማይክሮን (0.13 ሚሊ ሜትር) ማጣሪያ ከቱቦው በፊት የግድ ይግባ። ማጣሪያው በየቀኑ ይታጠብ፣ የቱቦዎቹ ጫፍ በየሳምንቱ ተከፍቶ ውሃው እስኪጠራ ይልቀቅ። ታንከሩም ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ይሁን፤ ብርሃን የገባበት ውሃ አልጌ ያበቅልና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ደረጃ 6፦ ፓምፕ ካስፈለገ

በቀን 5,000 ሊትር ውሃ 20 ሜትር ከፍ ለማድረግ በስሌት የሚያስፈልገው ኃይል 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ፓምፑ ከሚወስደው ኃይል 40 በመቶውን ብቻ ሥራ ላይ ያውላል ብንል 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ በቀን 5 ሰዓት ጠንካራ ፀሐይ ካለ ለአቧራና ለሙቀት መጠባበቂያ ጨምሮ 180 ዋት ያህል የሶላር ፓኔል ይበቃል። ሻጭ 600 ዋት ይዞ ሲመጣ ወጣቶቹ ይህን ሒሳብ ይዘው ይጠብቁት።

የሶላር ፓምፕ ግን አንድ አደጋ አለው። ነዳጅ ስለማይገዛለት እያንዳንዱ ተጨማሪ ሊትር ያለ ወጪ የሚቀዳ ስለሚመስል፣ ፀሐይ እስካለች ድረስ ፓምፑ አይጠፋም። በድንጋዩ ገመድ በየወሩ የተለካው የጉድጓዱ የውሃ ወለል ካምናው የዚሁ ወር ልኬት በታች እየወረደ ከሄደ የሚቀዳው ውሃ ከሚተካው በልጧል ማለት ነው፤ ያኔ መቀነስ ያለበት የተተከለው ስፋት ነው።

ደረጃ 7፦ ዲጂታል መሣሪያዎችን በጥያቄያቸው ልክ ይምረጡ

በዚህ ደረጃ ወጣቶቹ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ፤ «ዛሬ ማጠጣት አለብን ወይስ ነገ?» የሚለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ለዚህ የአፈር እርጥበት ሴንሰር ይጠቅማል። ከማንጠባጠቢያው ቀዳዳ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አንዱ በ15 ሌላው በ30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይተከላል። ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር አይመኑ፤ አፈሩን በደንብ አጠጥተው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚታየውን ንባብ «ጠግቧል»፣ እጅ ውስጥ ሲጨመቅ መፈርፈር በጀመረበት ቀን ያለውን ደግሞ «ጊዜው ደርሷል» ብለው ይመዝግቡ። የላይኛው ሲደርቅ የታችኛው ሁልጊዜ ርጥብ ከሆነ ውሃው ከሥር በታች እየሰረገ ነው፤ ማዳበሪያውንም አብሮ ይወስዳል።

የሳተላይት ምስል ለትልቅ ማሳ ግሩም ነው። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች (የመጀመሪያው በ2015 እ.ኤ.አ. የመጠቀ) በየ5 ቀኑ ገደማ በነፃ ምስል ይሰጣሉ። ነገር ግን የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር ነች። በእኛ 200 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፉት ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከመንገዱና ከጎረቤት ማሳ ጋር ይቀላቀላሉ። ለእንዲህ ያለ ማሳ የሳተላይት አገልግሎት በክፍያ የሚያቀርብ ሰው ቢመጣ በትህትና ይሸኙት። አንድ ሄክታር ላይ 100 ነጥብ አለና ያኔ ነገሩ ትርጉም ያገኛል። ድሮንም እንዲሁ ነው፤ በእግር በ5 ደቂቃ የሚዳረሰውን ማሳ ከሰማይ ማየት አያስፈልግም። ውሃ ውስጥ በንጥረ ነገር የሚበቅል ተክልም ለመጀመሪያው ዓመት አይሆንም፤ መብራት ለጥቂት ሰዓታት ቢጠፋ ሥሩን የሚያተርፍ አፈር የለውምና።

ቅጠል ፎቶ ሲነሳ በሽታውን የሚናገር የስልክ መተግበሪያ ጥሩ ጀማሪ አጋዥ ቢሆንም መልሱ እንደ ጥርጣሬ እንጂ እንደ ፍርድ አይወሰድ። ከፎቶው በፊት ወጣቱ ሁለት ነገር ራሱ ይይ፦ ቢጫነቱ የጀመረው ከየትኛው ቅጠል ነው፣ ከቅጠሉ ሥር ምን አለ? ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ከጀመረና ቅጠሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አንሷል፤ በአሮጌው ቅጠል ላይ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ቀርተው በመካከላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ይጠረጠራል፤ እንዲህ ያለው ቢጫ በአዲሱ የጫፍ ቅጠል ላይ ሲታይ ደግሞ ብረት። ቅጠሉ ተገልብጦ በማጉያ መነጽር ሲታይ ክሽክሽ ወይም ነጭ ዝንብ ከተገኘ ጉዳዩ ሌላ ነው።

ደረጃ 8፦ ርጭትን የመጨረሻ ያድርጉት

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት፣ 20 ተክል ተመርጦ ቅጠሉ እየተገለበጠ ተባዩ ይቆጠር። ቢጫ ሙጫማ ወጥመድ ላይ የተያዙት ነጭ ዝንቦች ብዛት ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ መሆኑን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የታመመ ቅጠልን መልቀም፣ ችግኙን በመረብ መሸፈን፣ ተባይ የሚበሉትን ነፍሳት ማቆየት ይቀድማል። መርጨት ግድ ሲሆን ከርጭቱ እስከ ለቀማ ድረስ በመያዣው ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ይጠበቅ፤ ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ለማንም የማይቀር ነው።

ደረጃ 9፦ ደብተሩ

በየቀኑ የሚጻፈው አራት ነገር ነው፦ የሠራው ሰውና ሰዓቱ፣ የፈሰሰው ውሃ፣ የወጣው ገንዘብ፣ የተሸጠው ኪሎና ዋጋው። ስልክ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ሆኖም ወረቀት ላይ ተጽፎ ሁሉም የሚያየው ቦታ ቢሰቀል ክርክርን ያስቀራል። በወቅቱ መጨረሻ ጠቅላላ ወጪው ለተሸጠው ኪሎ ይካፈላል። ወጪው ውስጥ ሁለት ነገር ይረሳል፦ የወጣቶቹ የራሳቸው ጉልበትና የዕቃው ማርጀት። የጠብታ ቱቦው ለሦስት ወቅት የሚያገለግል ከሆነ የዋጋው አንድ ሦስተኛ በየወቅቱ ይቆረጥ። ይህ ካልሆነ በመጀመሪያው ወቅት ትርፍ የመሰለው ገንዘብ ቱቦ በሚቀየርበት ዓመት ይጠፋል፤ ቡድኖች የሚፈርሱትም ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 10፦ ውሳኔውን በደረጃ ይልቀቁ

በመጀመሪያው ወቅት ምን እንደሚተከል ከወጣቶቹ ጋር አብረው ይወስኑ፤ ዕለታዊ ሥራውን ግን እነሱ ይምሩት። በሁለተኛው ወቅት ዕቅዱን ራሳቸው በደብተሩ ቁጥር ተመርኩዘው ጽፈው ያምጡ፤ እርስዎ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ስህተት መሆኑን ቢያውቁም ጉዳቱ ከአንድ መደብ የማያልፍ ከሆነ ይተዉአቸው። አንዱ ወጣት ባለፈው ወቅት ብዙ ያወጣውን ሰብል በሙሉ መሬቱ ላይ ልትከል ቢል ግን ያኔ ጣልቃ ይግቡ፤ ሦስቱ ገዢዎች በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚወስዱ የተጻፈበትን ገጽ ይክፈቱለትና ሒሳቡን ራሱ እንዲሠራው ያድርጉ። በሦስተኛው ወቅት ሲጠሩ ብቻ ይሂዱ፤ ሲሄዱም ማሳውን ከማየትዎ በፊት ደብተሩንና የወሩን የኩባያ ፈተና ውጤት ይጠይቁ።